ሁሉን ተሸንፎ ሁሉን የተመረጠው ቡድን

የሦስቱ ወንዞች ኮሌጆች ሊግ የ1974 የአሜሪካ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሰኞ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1974

ቦታ፦ ክሬስትሊን ከተማ፣ ነብራስካ፣ የቦውሊንግ ቤቱ የጓሮ ክፍል። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አምና ወንበር ከተወረወረበት ወዲህ ለዚህ ኮሚቴ አይሰጥም።

ሰዓት፦ ለቀኑ 6 ሰዓት ተጠርቶ፣ አሰልጣኝ ፖኮክ ቁልፋቸውን መኪናቸው ውስጥ ቆልፈውበት ከሽቦ ጋር ሲታገሉ ስለቆዩ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦

1. ዶክተር ሊላንድ ቴስዳል፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ከተሰብሳቢዎቹ የሦስቱን ጥርስ ነቅለዋል፤ አራተኛው ቀጠሮ ይዘው ቀርተዋል።

2. አሰልጣኝ ኤመት ህሩስካ፣ ሃርትዌል ኮሌጅ። የዘንድሮ ሻምፒዮን። ይህንኑ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ነግረውናል።

3. አሰልጣኝ አርቪድ ዋልስትሮም፣ ቫስተርሄም ኮሌጅ። ሁለተኛ።

4. አሰልጣኝ ዴል ፖኮክ፣ ዴቨሮ ኮሌጅ። ሦስተኛ።

5. አሰልጣኝ መርል አልዲንገር፣ ሎን ኤልም ኮሌጅ። አራተኛ። ሊጉ ያለው አራት ቡድን ነው።

6. ወይዘሮ ሎሬይን ኩቢቼክ፣ ጸሐፊ። ይኸውም እኔ ነኝ።

ምልአተ ጉባኤ፦ ደንቡ አራት ድምፅ ሰጪ ከተገኘ ይበቃል ይላል። አራቱም ስለተገኙ ምልአተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋገጠ። አሰልጣኝ ህሩስካ ወደ አሰልጣኝ አልዲንገር እያዩ «በሦስትም አይከፋም ነበር» ብለው ሐሳብ ቢያቀርቡም ደጋፊ ስላላገኙ ሐሳቡ ወደቀ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

የአምናው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። አሰልጣኝ ፖኮክ ገጽ ሁለት ላይ አሰልጣኝ ህሩስካ እሳቸውን «ይህ ፍየል» ማለታቸው እንዲሰረዝ ጠየቁ። አሰልጣኝ ህሩስካ ቃሉ መባሉ እውነት ስለሆነ አይሰረዝም ሲሉ ተከራከሩ። ከብዙ ውይይት በኋላ «ፍየል» ባለበት እንዲቆይ፣ ከፊቱ ግን «የተከበሩ» የሚል እንዲጨመርበት ተወሰነ። ፖኮክ አመሰገኑ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ምርጫው ደንብ

ሰብሳቢው ደንቡን ማንበብ ሲጀምሩ አሰልጣኝ ዋልስትሮም «ዶክተር፣ ይለፉት፤ ሁላችንም እናውቀዋለን» አሉ። ሰብሳቢውም «ስለምታውቁት እኮ ነው የማነበው» ብለው ቀጠሉ። የሊጉ ምርጥ ቡድን አሥራ አንድ አጥቂ፣ ተራው ሲለወጥ በምትካቸው የሚገቡ አሥራ አንድ ተከላካይ እና አንድ የርቀት ለጊ ነው። ማንም አሰልጣኝ ለራሱ ተጫዋች ድምፅ አይሰጥም። ስለ ራሱ ተጫዋች አፉን ከፍቶም አያወድስም።

በዚህ መካከል ምሳ ደረሰ፤ ቺሊ የሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ በየሳህኑ፣ ጎን ለጎን አንድ አንድ የቀረፋ ዳቦ። ሰብሳቢው ዳቦውን አይተው ቅጣት ታያቸው፤ የራሱን ተጫዋች ያወደሰ የቀረፋ ዳቦውን ወደ ጠረጴዛው መሃል ያስረክብ አሉ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አሰልጣኝ ህሩስካ «ተገቢ ደንብ ነው፤ በተለይ የኔን ዓይነት ኳስ ወርዋሪ ላለው ሰው—» ብለው ሳይጨርሱ ዳቦአቸው ተወሰደ። «አረፍተ ነገሩ እኮ አላለቀም» ብለው ይግባኝ ቢሉም «ዳቦውም አላለቀም፣ እዚያ አለልህ» ተብለው ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

አጀንዳ 3፦ የሎን ኤልም አቤቱታ

አሰልጣኝ አልዲንገር ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ልናገር ብለው ተነሡ፤ መነሣት አያስፈልግም ሲባሉ ተቀመጡ። የኮሌጃቸው ፕሬዚዳንት ትናንት ከጸሎት ቤት ሲወጡ ይዘዋቸው ይህን እንዳሏቸው አስረዱ፦ ሎን ኤልም ከምርጦች ዝርዝር ውስጥ ስም ካስገባ አራት ዓመቱ ነው። ዘንድሮም ባዶ ከሆነ ሐሙስ የሚሰበሰበው ቦርድ ፉትቦሉን ይዘጋል፤ ሜዳውም ታርሶ አኩሪ አተር ይዘራበታል።

አሰልጣኝ ፖኮክ «ከተከላካዮችህ አኩሪ አተሩ ይሻላል፤ ቢያንስ ነፋስ ካልመጣ አይወድቅም» ሲሉ አስተያየት ሰጡ።

አሰልጣኝ አልዲንገር «አውቃለሁ ዴል፣ እኔም አስቤዋለሁ» አሉ።

አሰልጣኝ ህሩስካም «መርል፣ ወንድሜ፣ ዘጠኝ ተጫውተህ ዘጠኝ ተሸንፈሃል። ማንን እንምረጥልህ? የአውቶቡሱን ሹፌር?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሱም ሁለት ጊዜ መንገድ ስቷል» አሉ አሰልጣኝ አልዲንገር። ቀጥለውም «አንድ ብቻ ነው የምለምናችሁ። አንድ ስም። ስልሳ ልጅ ነው እዚያ ያለኝ፤ ሌላ ቦታ የሚቀበላቸው የለም» አሉ። ማን እንደሆነ ሲጠየቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዳቦአቸውን አዩ፣ መልሰው ዘጉት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው ማዘኑ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ፣ ሐዘኑ ግን እንደ ድምፅ እንዳይቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ምርጫ

ድምፅ ሊጻፍበት የነበረውን የወረቀት መሐረብ ቺሊ ስለነካው ድምፅ የተሰጠው በቦውሊንግ ነጥብ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ ነው። ሦስቱ አሰልጣኞች ልክ እንደሚፈተን ተማሪ ወረቀታቸውን በክንዳቸው ከልለው ጻፉ። ፍጥነታቸው አስገረመኝ፤ አምና ግማሽ ቀን የፈጀ ነገር ነው። የሌላውን ቡድን ስም በቃሉ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም በየጨዋታው በር ላይ የሚሸጠውን የፕሮግራም መጽሔት እያገላበጡ ነበር። አሰልጣኝ አልዲንገር ብቻ እርሳሳቸውን እየላሱ፣ ጣሪያ እያዩ፣ በእውነት እያሰቡ ጻፉ። እንደለመዱትም መጨረሻ ወጡ።

ሰብሳቢው ቆጥረው ማንበብ ጀመሩ።

«ኳስ ወርዋሪ፦ ሎን ኤልም፣ ሦስት ድምፅ።»

 በዚሁ ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው በአንድ ኳስ ሁሉንም እንጨት ስለጣለ ታላቅ ጭብጨባ ተሰማ። ለኛ አልነበረም።

«የመጀመሪያ ሯጭ፦ ሎን ኤልም፣ ሦስት ድምፅ። ሁለተኛ ሯጭ፦ ሎን ኤልም፣ ሦስት።» ሰባተኛው ላይ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አሥራ አራተኛው ላይ የጠረጉበትን መሐረብ መረመሩ። ሲያልቅ አጥቂዎቹ አሥራ አንዱም ሎን ኤልም፣ ተከላካዮቹ አሥራ አንዱም ሎን ኤልም ሆኑ። ከሃያ ሦስቱ ቦታ ለሎን ኤልም ያልተሰጠው የርቀት ለጊነቱ ብቻ ነው፤ እሱ ለዴቨሮ ልጅ ደረሰ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ከቃለ ጉባኤው ውጭ ይሁን ብለውኝ ነበር፤ ነገር ግን ሲሉኝ ጽፌ ጨርሻለሁ።

ህሩስካ፦ «አርቪድ፣ አንተ ለምን ለሎን ኤልም ሰጠህ?»

ዋልስትሮም፦ «አንተስ ለምን ሰጠህ?»

ህሩስካ፦ «እኔማ እናንተ ለኔ ልጆች ትሰጣላችሁ ብዬ ነዋ። ላንተ ልጅ ብሰጥ የኔን ሊበልጥብኝ ነው። ስለዚህ ድምፄን ማንንም የማይጎዳ ቦታ ጣልኩት።»

ዋልስትሮም፦ «እኔም እዚያው ነው የጣልኩት።»

ፖኮክ፦ «እኔም። ጉድጓዱ ለሦስታችን የሚበቃ አልመሰለኝም ነበር።»

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሦስቱ አሰልጣኞች እያንዳንዳቸው የባልንጀራቸው ተጫዋች የገዛ ልጃቸውን እንዳይቀድም ብለው፣ ማንንም ሊቀድም ለማይችል ቡድን ድምፃቸውን ሰጡ። ሦስቱም ተመሳሳይ ብልጠት ስላሰቡ ማንንም የማይቀድመው ሁሉንም ቀደመ።

ስሞቹ ሲጣሩ አንዱ ሯጭ ባለፈው ሴፕቴምበር ትምህርቱን ትቶ አግብቶ የቱርክ ዶሮ እርባታ መግባቱ ታወቀ። በቀኝ ተከላካይነት የተመረጡት ኖርበርት ፊች ደግሞ ተጫዋች ሳይሆኑ በፕሮግራሙ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ያወጡ የሶፋ ነጋዴ ሆነው ተገኙ። አሰልጣኝ ፖኮክ «ስማቸው በትልቁ ተጽፎ አየሁና ትልቅ ሰው መስለውኝ ነው» ሲሉ አስረዱ፤ ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ ነው አሉ። አሰልጣኝ አልዲንገር በበኩላቸው ፊች ትጥቅ ለብሰው ቢመጡ ኖሮ ያሰልፏቸው እንደነበር ገለጹ።

ውጤቱ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀረበ። ሰብሳቢው፣ ሐሳቡን የሚደግፍ አሰልጣኝ «ድምፄን በተንኮል ሰጥቻለሁ» ብሎ በስሙ ይመዘገብለታል አሉ። እጅ ያወጣ የለም። ስለዚህ ውጤቱ፣ ሶፋ ነጋዴውን ጨምሮ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 5፦ የአሰልጣኝ አልዲንገር ደስታና የደስታው ዕድሜ

አሰልጣኝ አልዲንገር ተነሥተው የሁሉንም እጅ ጨበጡ። የአስተናጋጇንም ጨበጡ፤ ሳህን ይዛ ስለነበር ክርኗን። ለሁሉም የፖም ፓይ አዘዙ። አንድ ስም ለምነው ሃያ ሁለት ያገኘ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ወንበር አልነበረም።

አሰልጣኝ ፖኮክ «እንኳን ደስ ያለህ መርል» አሉ። «ሃያ ሁለት የሊጉ ምርጥ ይዞ ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈ አሰልጣኝ ካንተ በፊት አልነበረም።»

አሰልጣኝ አልዲንገር ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ፕሬዚዳንቱ ይህን ሲሰሙ...» አሉ።

«ቡድኑን አይዘጉትም» አሉ አሰልጣኝ ህሩስካ።

«አዎ፣ እሱንማ አይዘጉትም። የሚዘጉት እኔን ነው። ‹ምርጦቹ ሁሉ አንተ ጋ ከሆኑ፣ ታዲያ ያልተመረጠው ማነው?› ይሉኛል።»

ሰብሳቢው ጉዳዩን በሥርዓት አቀረቡ፦ ውጤቱ ከተሻረ ሎን ኤልም እስከ ሐሙስ አንድም ስም አይኖረውም፣ ቡድኑ ይዘጋል። ከጸና ቡድኑ ይተርፋል፣ አሰልጣኙ ይባረራሉ። ይሻርልህ ወይስ ይጽና ሲሉ ጠየቋቸው።

አሰልጣኝ አልዲንገር የቀዘቀዘ ቺሊአቸውን ለረጅም ጊዜ አማሰሉ። ከዚያ «ይጽና» አሉ። «የአማቴ እርሻ አለ፤ በቆሎ ማጨድ አልረሳሁም። ልጆቹ ግን መሄጃ የላቸውም። እናንተ እንደሁ አትወስዷቸውም።»

«አንወስድም» ሲሉ አሰልጣኝ ዋልስትሮም በሐቀኝነት አረጋገጡ።

የአሰልጣኝ አልዲንገር ስንብት በኮሚቴው ምስጋና እንዲታጀብ ተወሰነ። ፓዩ መጣ፤ ማንም ቶሎ አልነካውም።

አጀንዳ 6፦ ያልታሰበ ጉዳይ

አሰልጣኝ ዋልስትሮም ሹካቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ። አንተን ካባረሩ በምትክህ ማንን ነው የሚያመጡት?»

«ጎበዝ ሰው ይሆናላ» አሉ አሰልጣኝ አልዲንገር።

ይህ ሦስቱን አሰልጣኞች አስደነገጠ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በየመኸሩ እያንዳንዱ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎቹን ለአንድ ቅዳሜ ይጠራል። ሰልፍ አለ፣ የሙዚቃ ጓድ አለ፣ ንግሥት ትመረጣለች፣ አዳራሽ የሚያሠሩት ሽማግሌዎች አልቆለፍ ያላቸውን የድሮ ጃኬት ለብሰው ይመጣሉ። በዚያን ቀን መሸነፍ አይገባም። እንዳይሸነፉም ሦስቱ ኮሌጆች በዚያን ቀን የሚጋብዙት ሎን ኤልምን ነው። ሎን ኤልም የሦስት ኮሌጅ ደስታ ነው እንጂ ዝም ብሎ ቡድን አይደለም።

አሰልጣኝ ህሩስካ በቀድሞ ተማሪዎች ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፉት በ1966 መሆኑን፣ ባለቤታቸውም ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰው ላለማየት ጸጉር ቤት አለመሄዳቸውን አስታወሱ። «እነሱ ጎበዝ አሰልጣኝ ካመጡ አለቅን» አሉ።

«ከተዘጉም አለቅን» አሉ አሰልጣኝ ዋልስትሮም። «ያኔ ሌላ መጨረሻ መውጣት አለበት።» ይህን ሲሉ ሁለቱም አሰልጣኝ ፖኮክን አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«ምንም።»

«እኔ እኮ ሦስተኛ ነኝ።»

«ከሦስት ሦስተኛ ትሆናለህ» አሉ አሰልጣኝ ህሩስካ።

ሦስቱ አሰልጣኞች ተነሥተው ለቦውሊንግ የሚከራዩት ጫማዎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ዘንድ ቆመው ተንሾካሾኩ። እኔ ይህን ኮሚቴ ሳውቅ ሦስት ሰው አንድ አቅጣጫ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲመለሱ አሰልጣኝ ዋልስትሮም ተናገሩ፦ «መርል፣ ሃያ ሁለት ይበዛብሃል፣ ባዶም ያስዘጋሃል። ያኔ አንድ ያልከው፣ እሱ ማነው?»

ሰብሳቢው ደንቡን አስታወሱ። አሰልጣኝ አልዲንገር ጨርሶ ያልነኩትን የቀረፋ ዳቦ በሁለት ጣት ገፍተው የጠረጴዛው መሃል አደረሱትና «ለጊያችን ነው። ራስመስ ኦድላንድ» አሉ።

ዳቦው አንዴ ከሄደ በኋላ የሚያግዳቸው አልነበረም። «ለጊ ማለት ቡድኑ ኳሱን ማራመድ ሲያቅተው ከፊታችን አርቆ የሚሰድልን ነው። እኛ ሁልጊዜ ነው የሚያቅተን። ስለዚህ ከኛ ቡድን ሙሉ ቀን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። አራት ግዙፍ ሰው እየተንደረደረበት፣ እግሩ ሥር ጭቃ፣ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ‹አሰልጣኝ፣ አሁን ልግባ?› ይላል፣ ይገባል፣ ይለጋል። ኤመት፣ ያንተ ሜዳ ላይ ከገዛ ግብ መስመራችን ለግቶ የሙዚቃ ጓዳችሁ ውስጥ የገባውን ኳስ ታስታውሳለህ?»

«ትሮምቦኑ አሁንም እንደተጣመመ ነው» አሉ አሰልጣኝ ህሩስካ።

«ለሃያ ሁለቱ ስትሰጡ እሱን ብቻ ነው የዘለላችሁት።»

አሰልጣኝ አልዲንገር ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው።  አሰልጣኝ ህሩስካ «ፈርቼው ነዋ» አሉ። «የኔን ለጊ በእርግጥ የሚበልጠው እሱ ብቻ ነበር።» ሌሎቹ ሁለቱም ምክንያታቸው ይኸው መሆኑን በራስ ንቅናቄ አረጋገጡ። ንቅናቄውን መዝግቤዋለሁ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። በዛሬው ስብሰባ ከአጀንዳ 1 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ፣ ደንቡም፣ ቅጣቱም፣ ሐዘኑም፣ ምርጫውም፣ ምስጋናውም ተሽሯል። የ1974 የሊጉ ምርጥ ቡድን የለም። በምትኩ ለዘንድሮ የውድድር ዘመን ሊጉ ያለው ምርጥ ተጫዋች አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሎን ኤልሙ የርቀት ለጊ ራስመስ ኦድላንድ ነው።

ድጋፍ ሦስት፣ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ሰብሳቢው ለአሰልጣኝ አልዲንገር «ደንቡ ተሽሯል እኮ፤ ለራስህ ልጅ ድምፅ መስጠት ትችላለህ» ቢሏቸውም «እጄ እምቢ አለኝ ዶክተር፤ ከሰጠሁ አለቅሳለሁ» ብለው ሁለቱንም እጆቻቸውን ሥራቸው አድርገው ተቀመጡባቸው።

ሰብሳቢው ከባንኮኒው ስልክ ወደ ጋዜጣው ደወሉ። ጋዜጠኛው «አንድ ብቻ?» ብሎ ሁለት ጊዜ እንደጠየቀ፣ ቀጥሎም «ከየት?» እንዳለ፣ መልሱን ሲሰማ ዶክተሩ ምን ጠጥተው እንደሆነ እንደጠየቀ ነግረውናል። «ቺሊ» ብለው ዘግተውበታል።

ልዩ ልዩ

ሦስቱ አሰልጣኞች የኪስ ቀን መቁጠሪያቸውን አንድ ላይ አወጡ። አሰልጣኝ ህሩስካ «መርል፣ ለከርሞ የኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ እንደተለመደው እኔ ጋ ነህ አይደል?» ሲሉ ጠየቁ። አሰልጣኝ ዋልስትሮም ሦስተኛውን፣ አሰልጣኝ ፖኮክ የተገኘውን ቅዳሜ ለመኑ።

አሰልጣኝ አልዲንገር የኮታቸውን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፉ። «የሊጉን ብቸኛ ምርጥ የያዘ ቡድን እኮ ነው» አሉ። «እስቲ አስብበታለሁ።» ብለውም ወጡ።

ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ የተባለውን መስኮቱ ስለማይከፈት አልሰማሁም፣ ስለዚህ አልመዘገብኩም። ያየሁትን ግን እጽፋለሁ፦ የሎን ኤልም አሰልጣኝ መኪናቸው ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር፤ የሃርትዌሉ ሻምፒዮን በፊት መስታወቱ ላይ የጋገረውን በረዶ ይፍቁላቸው ነበር፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ የኋለኛውን መስታወት እኔ ልፋቅ እኔ ልፋቅ እየተባባሉ ይጣሉ ነበር።

ጸሐፊ፦ ሎሬይን ኩቢቼክ